ስንጥቁ ላይ ቀን ጻፉበት

ቤታችን በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ይቀባል። ሦስት ዓመት በተከታታይ ቀለም ቀቢው መጥቶ መጀመሪያ የሚነካው ቦታ አንድ ነበር፦ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ጥግ ተነሥቶ የብሎኬቱን መገጣጠሚያ እንደ ደረጃ እየረገጠ ወደ ኮርኒሱ የሚወጣው ስንጥቅ። በስቱኮ ይሞላዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል፣ ይቀባዋል። በዓሉ ያልፋል። ጥር ሲደርስ ስንጥቁ በዚያው ጎዳና ተመልሶ ብቅ ይላል።

በሩም የራሱ አመል አለው። ነሐሴ ላይ ወለሉ ላይ እየተጎተተ አልከፈት ይላል። አናጢ ጠርተን ከሥሩ አስላግነው፤ በጋ ሲገባ ደግሞ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጠረ። አናጢው “እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ነው” አለን። አመንነው።

ከሁላችንም ቀድመው ያወቁት ልጆቹ ነበሩ። በበጋ እዚያ ክፍል ውስጥ ብይ ሲጫወቱ፣ የትም የቆመች ብይ ትንሽ ታመነታና ወደ መስኮቱ ጥግ ትንከባለላለች። ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ወደዚያ ጥግ የሚወረውር ልጅ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንዲሄድ ሕግ አውጥተው ጨዋታቸውን ቀጠሉ።

ባለፈው ጥር አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አጥር ሊጠግኑ መጡ። ቡና ሲጠጡ ስንጥቁ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ተነሥተው በጥፍራቸው ዳበሱትና እርሳስ አምጣ አሉኝ።

“ጋሼ፣ ልስኑ ነው እኮ፤ በየዓመቱ እናስደፍነዋለን” አልኳቸው።

“ልስን ሲሰነጠቅ እንደ ሸረሪት ድር ነው ልጄ። ይሄ መንገድ አለው። መንገድ ያለው ስንጥቅ ከታች ነው የሚመጣው።”

በስንጥቁ በሁለቱም ጫፍ ጭረት አድርገው ቀኑን ጻፉ። መሀሉ ላይ በአውራ ጣት ስፋት ጄሶ ለጥፈው እሱም ላይ ቀን ጻፉበት። ጄሶ አይለጠጥም፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይሰነጠቅና ያጋልጠዋል። ቀጥለው ውስጡ በሚታይ ቱቦ ውሃ ሞልተው ወለሉን ከጥግ እስከ ጥግ ለኩት። በ6 ሜትር ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ዘቅዝቋል።

2 ሴንቲ ሜትር ምን አላት? ስኬምፕተንና ማክዶናልድ የተባሉ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1956 የበርካታ ሕንፃዎችን ታሪክ መርምረው ያወጡት ልክ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በሁለት ድጋፎች መካከል ያለው የመስመጥ ልዩነት የርቀታቸውን አንድ ሦስት መቶኛ ሲደርስ ግድግዳ መሰንጠቅ ይጀምራል፤ አንድ መቶ ሃምሳኛ ሲደርስ ጉዳቱ ኮለንና ቢም ውስጥ ይገባል። 6 ሜትርን ለ300 ብታካፍሉት መልሱ ያቺው 2 ሴንቲ ሜትር ናት።

ሕንፃ በትንሹም ቢሆን የማይሰምጥ የለም። እኩል ከሰመጠ ቧንቧውንና ደረጃውን ያስቸግር ይሆናል እንጂ ግድግዳው ብዙም አይታመም። ቤት የሚፈርሰው አንዱ ጥግ ሲወርድ ሌላው አልወርድም ሲል ነው። የእኛው ስንጥቅ ከላይ ሰፍቶ ከታች ይጠባል፤ ያ ማለት ጥጉ ወርዷል ማለት ነው። ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ ቢጠብ ኖሮ የወረደው መሀሉ ነው እንል ነበር።

ለምን ወረደ? ቤታችን የቆመው ዋልካ ላይ ነው። ገበሬው ይህን አፈር ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ በክረምት ማረሻ ይዞ አልለቅ የሚል፣ በበጋ ደግሞ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ ጥቁር መሬት ነው። አዲስ አበባም ከቦሌና ከገርጂ እስከ ለቡና አቃቂ ድረስ በብዙ ቦታ የተቀመጠችው በእሱ ላይ ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከቤቱ መሀል ሥር ያለው አፈር ጣሪያና ወለል ስለሸፈነው እርጥበቱ ብዙም አይለዋወጥም፤ ጠርዙ ግን በየዓመቱ ይነሣል፣ ይወድቃል። የበራችን አመል ከእንጨቱ ይልቅ የአፈሩ ነበር። ደግሞም ዋልካ አብዝቶ የሚጎዳው ቀላል ቤትን ነው፤ ትልቅ ፎቅ በክብደቱ እብጠቱን ሲጫነው ፎቅ የሌለው ቪላ ግን ተነሥቶ ይቀመጣል። እኛ ደግሞ የአፈር ምርመራ የሚያስፈልገው ለፎቅ ብቻ ይመስለናል።

ጋሼ ወደ ውጭ ወጥተው ሁለት ነገር አሳዩኝ። የአሸንዳው ቧንቧ የጣሪያውን ግማሽ ውሃ አምጥቶ የሚደፋው እዚያው ጥግ ሥር ነው። ከዚያ አራት እርምጃ ርቆ፣ እኔ ለጥላ ብዬ ያሳደግሁት ባሕር ዛፍ ቆሟል። በክረምት አሸንዳው ያጠጣል፣ በበጋ ባሕር ዛፉ ይመጥጣል። አንዱን ጥግ በውሃም በጥምም የምቀጣው እኔው ራሴ ነበርኩ።

ጣሊያን አገር ያለውን ዘመም ያለ የፒሳን ግንብ ሳላነሣ አላልፍም፤ እኛ በስቱኮ የሠራነውን ስሕተት ጣሊያኖቹ በሲሚንቶ ሠርተውታልና። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1173 ተጀምሮ ገና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሳለ ነበር ለስላሳው አፈር አልሸከም ያለው። እ.ኤ.አ. በ1934፣ አገራችንን ሊወር አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ሙሶሊኒ የዘመመ ግንብ ለአገሩ ክብር አይመጥንም ብሎ እንዲቃና አዘዘ። መሠረቱ ተበስቶ ሲሚንቶ ተጨመረበት፤ ግንቡ ግን ይብሱን ወደ ደቡብ አዘመመ። የዳነው እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2001 ለጎብኚ ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ ነው፤ ያኔ እምብዛም ካልሰመጠው ከሰሜኑ ወገን ሥር አፈር በጥቂት በጥቂቱ ተስቦ ወጣለትና ጫፉ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ተመለሰ። ፈውሱ የመጣው ከመሬቱ ነው፤ ለዚያም ባለሙያዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሙሉ ለክተዋል።

የእኔም አቋም ይኸው ነው፤ ስንጥቅ ከመደፈኑ በፊት ይለካ። ስቱኮ የሚናገረውን አፍ ይዘጋል እንጂ ሕመሙን አይነካም። አንድ ክረምትና አንድ በጋ በእርሳስ ተከታተሉት። ከጭረቱ ካላለፈና ጄሶው ካልተሰነጠቀ ያረጀ ቁስል ነውና ደፍናችሁ ቀቡ። ካለፈ ውሃውን ፈልጉ፤ አሸንዳው የት እንደሚደፋ፣ የግቢው ተዳፋት ወደ ቤቱ ይሁን ወደ ውጭ እዩ። ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ የውሃ ቆጣሪው የሚዞር ከሆነ ከመሬት በታች የሚፈስ ሊኖር ይችላል። ጎረቤት ለፎቅ ጥልቅ ቁፋሮ ሊጀምር ከሆነ ግድግዳችሁን አስቀድማችሁ ከነቀኑ ፎቶ አንሡ፤ በኋላ ለሚነሣው ክርክር ከዚያ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ስንጥቁ ኮለን ወይም ቢም ላይ ከወጣ፣ ወይም በሳምንታት ውስጥ እየሰፋ ከሄደ ግን የእርሳስ ጊዜ አልፏል፤ የስትራክቸር መሐንዲስ መጥራት ነው። መሠረትን ከሥር መደገፍ የሚባል ሥራ አለ፤ ሲሠራም በአንድ ሜትር ገደማ እየተከፋፈለ፣ አንዱ ተቆፍሮ ተሞልቶ ሲጠነክር ነው ወደ ሌላው የሚኬደው። “በአንድ ቀን ጎኑን በሙሉ እቆፍርልሃለሁ” የሚል ሰው ሲመጣ በሩን ዝጉበት።

እኛ አሸንዳውን በቧንቧ እስከ መንገዱ ቦይ አደረስነው፣ በቤቱ ዙሪያ ወደ ውጭ የሚያዘቀዝቅ የሲሚንቶ ወለል አስደረግን። ባሕር ዛፉን ጋሼ ባንድ ጊዜ አትቁረጠው አሉኝ፤ ዛፉ ሲጠጣው የኖረው ውሃ አፈሩ ውስጥ ይቀርና ዋልካው ያብጣል። ስለዚህ ቅርንጫፉን በየጊዜው እያሳሳሁ ነው።

ሰሞኑን ቀለም ቀቢው ደወለ። “ዘንድሮስ መቼ ልምጣ?” አለኝ። ጄሶው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ወጥታለች፤ ስንጥቁ ግን በጥር የተደረገውን ጭረት አላለፈም። እስከሚቀጥለው ጥር ጠብቀኝ አልኩት። ባለቤቴ ለበዓል እንግዳ ሲመጣ የሚታየው የእርሳስ ጽሑፍ አላስደሰታትም፤ መጋረጃውን ትንሽ ወደዚያ ሳብ አድርጋዋለች።