ፎቅ ቈጥረን ተመለስን

ባለፈው ወር አዲስ አበባን ጎብኝተን ወደ ሆሳዕና ስንመለስ፣ ምን አያችሁ ብለው ለጠየቁን ጓደኞቻችን የሰጠነው መልስ ቁጥር ብቻ ነበር። የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር፤ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ 99.9 ሜትር። አንዱ ጓደኛችንማ ፎቁን ከመንገድ ላይ ሆኖ ሲቈጥር 48 ሳይደርስ አንገቱን አመመው። እኔም ከቈጣሪዎቹ አንዱ ነበርሁና ወቀሳው አስቀድሞ የሚመለከተው ራሴን ነው።

በ2014 ዓ.ም. የተመረቀውን የባንኩን ሕንፃ ማድነቅ ነውር ነው አልልም። ይሁን እንጂ ከሁሉም ይልቅ ልቤ የቀረው፣ ኢጣሊያዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነድፎት በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው፣ ታድሶም በ2017 ዓ.ም. ዳግም በተከፈተው የአፍሪካ አዳራሽ ነው። ቁመቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ነገር ግን አፈወርቅ ተክሌ በባለ ቀለም መስተዋት ላይ የሣሉት የአፍሪካ ትግል 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተመሠረተውም እዚያው ነው። በስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ደግሞ ፋሺስቶች ለሙሶሊኒ የሥልጣን ዘመን በየዓመቱ አንድ አንድ ቈጥረው የሠሩት ባለ 14 እርከን ደረጃ ቆሟል። ከድል በኋላ አላፈረሱትም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳን አንበሳ አስቀመጡበት! በ2016 ዓ.ም. የፈረሱትን የፒያሳ ቤቶች ግን እኔ የማውቃቸው በፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ወደ ራሳችን እንምጣ። ሆሳዕና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የክልል መቀመጫ ሆናለች፤ በየመንገዱ ዳርም መስተዋት የለበሰ ፎቅ ይነሣል። በአንጻሩ የአያቴ ክብ ሣር ቤት፣ መካከሉ በወፍራም ምሰሶ የተደገፈው፣ ከብቶቹ ሌሊቱን በትንፋሻቸው የሚያሞቁት፣ በእንሰት የተከበበው ቤት፣ ከሁለት ዓመት በፊት ፈርሶ በቆርቆሮ ተተካ። ይፍረስ ካሉት መካከል እኔም ነበርሁ። አልጸጸትም፤ ግጦሹ ታርሶ የክዳን ሣር ከየት ይመጣል? እሳትስ? ሣር ቤትን አብዝቶ የሚያሞግስልን ዝናም ሲያፈስበት ያላደረበት የከተማ ሰው ነው።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ከማፍረሳችን በፊት አንድም ሰው አልለካውም፤ አልሣለውም። ምሰሶው ከምን ዛፍ እንደ ተቈረጠ፣ ማገሩ በምን እንደ ታሰረ የጻፈ የለም። የባንኩን 209 ሜትር ግን ሁላችንም በቃላችን ይዘናል። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ የገባን፣ ብዕር የያዝን ልጆች እኛ ነን!

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን የሚቀጥለውን ጉብኝት ወደ ሀዲያና ከምባታ ገጠር እንዲያደርገው እጠይቃለሁ። አውቶቡስ የሚያስፈልገው እስከ ዱራሜ ቢሆን ነው፤ ደረጃ መቍጠር የሚወድ ካለም ሀምበሪቾ ተራራ ላይ 777 ይጠብቀዋል። የአያቴን ቤት ያቆሙት ሽማግሌ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ጠይቄአቸው እሺ ብለዋል፤ ዐይናቸው ግን እየደከመ ነው። ከፈተናው በፊት ባለው ቅዳሜ እንሂድ። ደብተርና እርሳስ ያዙ፤ ሜትሩን እኔ አመጣለሁ።