ለኢሜል ብላችሁ የአንቲቫይረስ ብር አትክፈሉ

ሰሞኑን ላፕቶፕ የገዛ ተማሪዬ የነበረ ሁሉ «ቲቸር፣ ለኢሜል የትኛውን አንቲቫይረስ ላስጭን?» እያለ በውስጥ መስመር ይጠይቀኛል። ለሁላችሁም በአንዴ ልመልስ፦ ምንም አታስጭኑ።

ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 ዲፌንደር የሚባል አንቲቫይረስ አብሮት ነው የሚመጣው፤ በነፃ። ጂሜይልም የተላከላችሁን ፋይል ራሱ ይፈትሻል፤ ኤግዚ ፋይል ከሆነማ ጭራሽ አያሳልፍም።

ታዲያ ሱቅ ስትሄዱ ምን ይደረጋል? «ፉል ቨርዥን ነው» ብለው ክራክ የተደረገ አንቲቫይረስ ይጭኑላችኋል። ክራኩ እንዲሠራ ደግሞ መጀመሪያ ዲፌንደሩን ያጠፉታል። ልብ በሉ! የቤቱን ዘበኛ አባሮ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዘበኛ መቅጠር ነው፤ ያውም በብር። ሁሉም እንዲህ ነው አላልኩም፤ ዲፌንደሩን አፕዴት አድርጎ «ይበቃሃል» ብሎ የሚሸኝ ጨዋ ባለሙያም አለ።

«በኢሜል ቫይረስ ይመጣል እኮ» ትሉኛላችሁ። አዎ ይመጣል። የኛው ሰው የደረሰበትን ልንገራችሁ። ሜሪላንድ የሚኖር፣ «ኪዳኔ» በሚል የሽፋን ስም የከሰሰ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አለ። በክሱ እንዳለው፣ በኢሜል የመጣ የወርድ ፋይል ሲከፍት ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ሶፍትዌር ገብቶ ለወራት የስካይፕ ንግግሩን ሲቀዳ ነበር። የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ዋሽንግተን ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የውጭ መንግሥት በዚህ አይከሰስም ብሎ መዝገቡን ዘጋበት። እንዲህ ያለው ሶፍትዌር ለመንግሥታት የሚሸጠው ከአንቲቫይረስ ዓይን እንዲሰወር ተደርጎ ነው። ታዲያ እሱን ደብረ ታቦር የተጫነ ክራክ ሊይዘው ነው?

ለኔና ለእናንተ የሚላከው ግን ሰላይ አይደለም፤ «ዲቪ ደርሶዎታል» የሚል ኢሜል ነው። ውስጡ ቫይረስ የለም፣ ተራ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ የትኛውም አንቲቫይረስ አይጮህም! የአሜሪካ መንግሥት ዲቪ የደረሰውን ሰው በኢሜል አያበስርም፤ አመልካቹ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ ድረ ገጹ ላይ ገብቶ ነው የሚያየው። ቀድማችሁ ብር ላኩም አይልም። ፋርታ ላይ ድንችና ገብስ ተሽጦ የተገኘ ብር ለማይታወቅ ሰው የሚላከው በእንዲህ ያለ ኢሜል ነው። ይሄን ለእናት ለአባቶቻችሁ ንገሩ፤ ኢሜሉን የሚያነቡላቸው እናንተ ናችሁና።

ቫይረስ ከፈለጋችሁ ደግሞ ፍላሻችሁ ላይ ፈልጉት። ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክታችሁ ስትመለሱ ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት የሚሆነው በኢሜል ምክንያት አይደለም። ዊንዶውሱን አፕዴት አድርጉ፣ ዳታ በላ ብላችሁ አትዝጉት። ጂሜይላችሁ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ክፈቱ። ሳንቲም አያስወጣም።

ባለ ሱቆች ኮሜንት ላይ ልትሰድቡኝ እንደምትመጡ አውቃለሁ። ኑ፤ ግን መጀመሪያ ይቺን መልሱልኝ፦ ዲፌንደሩን ለምንድነው የምታጠፉት?