ጥምቀት ሆቴል አይጠይቅም

የበጋውን የአዲስ አበባ ጉዞ የባለ ገንዘብ ሽርሽር አድርጎ የሚያቀርበውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የደመሩት የቦሌ ሆቴልን፣ የኮንትራት ታክሲንና የሬስቶራንት ምሳን ነው። እንዲህ ከተደመረማ የአዲስ አበባ ነዋሪም ከተማውን አይችለውም!

በአንኮበር የምትገኘው የጎረቤላ ከተማ ሰው ሒሳብ ግን ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ደርሶ መኪና ይቀይራል፤ ቀሪው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሶውን ይዞ ዘመድ ቤት ያርፋል። ዘመድ የሌለው መናኸሪያ አካባቢ አልቤርጎ ይጠይቃል። ከተማ ውስጥ በአውቶቡስና በቀላል ባቡር ይንቀሳቀሳል።

«ያለ ገንዘብ ምን ይታያል?» ለሚለውም መልስ አለ። ጥር 10 ታቦታት ወደ ጃን ሜዳ ሲወርዱ ማንም ትኬት አይቆርጥም። ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን ለማየት ኢትዮጵያዊ የሚከፍለው ከውጭ አገር ጎብኚ ያነሰ ነው። እንጦጦም አለ፤ ምኒልክ አንኮበርን ትተው ከተማቸውን የቆረቆሩበት፣ ኋላም ወደ ፍልውሃ የወረዱበት ተራራ። ለአንኮበር ልጅ ይህ የራሱ ታሪክ ቀጣይ ምዕራፍ ነው።

አንድ ነገር ግን እቀበላለሁ፦ በበዓል ዋዜማ ትራንስፖርት ይጨናነቃል፤ ከታሪፍ በላይ የሚጠይቅም አይጠፋም። መፍትሔው ቤት መቅረት ሳይሆን ቀን መምረጥ ነው። ገናን ቤት አክብሮ፣ የመንገዱን ሰላም አጣርቶ፣ ከጥምቀት ጥቂት ቀን ቀድሞ መነሳት፤ የመመለሻውንም ገንዘብ ለብቻ ቋጥሮ ማስቀመጥ።

ጸሐፊው የቦሌን ዋጋ ነገሩን እንጂ የአዲስ አበባን አልነገሩንም።