ሽማግሌዎቻችንና የስልክ ወሬ

በዕድሜ የገፉ ሰዎች ስለ ማኅበራዊ መገናኛ ሲጨዋወቱ ያደመጠ ወጣት ሳይስቅ አይቀርም። እናንተ የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ፌስቡክን፣ ቴሌግራምንና ቲክቶክን ከልጅነታችሁ ጀምሮ እያያችሁ ያደጋችሁ ስለ ሆናችሁ፣ አያቶቻችሁ በስልኩ ላይ የሚሰነዝሩትን ቀልድ ያለማወቅ ምልክት አድርጋችሁ ትወስዱት ይሆናል። እኔ በዚህ አልስማማም። በቀልዱ ውስጥ ስለ ወሬ አነጋገርና አቀባበል የቆየ ሥርዐት አለ፤ ይህን ሥርዐት ሳይመረምሩ በሳቅ ማለፍ የሚያስከትለው ጉዳት ከሽማግሌዎቹ ይልቅ በእናንተ ላይ ያመዝናል። ለዚህ አስረጅ የማደርገው ሶዶን፣ የወላይታን ከተማ ነው።

በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረችው ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች። ዩኒቨርሲቲም አላት። ተማሪው፣ ነጋዴውና ባለጉዳዩ በሚመላለስባት በዚህች ከተማ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ፤ ሆኖም አንዱ የሚናገረው ለሌላው ሁልጊዜ አይገባውም። በወላይታ ከጥሬ ሥጋ ጋር የሚቀርበው፣ በቅመም ተደቁሶ የሚዘጋጀው በርበሬ ዳጣ እንደሚባል ታውቃላችሁ። እንግዲህ አንድ ተማሪ «ዳታ አለቀብኝ!» እያለ በአያቱ ፊት ቢያማርር፣ አሮጊቷም «ለዚህ ነው የምትነጫነጨው? በርበሬው መች ጠፋ!» ብለው ወደ መፍጫው ድንጋይ ቢነሡ ምን ይፈረድባቸዋል? ልጁ በሳቅ ይንከተከታል። ነገሩ ከተብራራላቸው በኋላ ግን አያቱ፣ «የእኔው ዳጣ ይሻላል፤ እሱ ሲያልቅ ማን እንደ በላው ይታወቃል» ቢሉት መልስ አያገኝላቸውም።

ፌስቡክ ለአንድ ሰው የሚፈቅደው የወዳጅ ብዛት እስከ 5,000 ይደርሳል። ይህን ቍጥር የሞላ ወጣት በኩራት ሲናገር የሰማ ሽማግሌ፣ «ከአምስቱ ሺህ ስንቱ ቃሬዛ ይሸከማል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ያስቃል። ነገር ግን ሽማግሌው ወዳጅን የሚቈጥረው በእድር መዝገብ ነው፤ ማን ድንኳን እንደሚተክል፣ ማን ውኃ እንደሚቀዳ፣ ማን ከሐዘንተኛ ጋር እንደሚያድር በስም ያውቃል። ለእርሱ ስምና ሥራ የሌለው ወዳጅ ወዳጅ አይደለም። በመስከረም በሚከበረው በጊፋታ፣ በወላይታ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓልም እንዲሁ ነው። በዓሉ ከመድረሱ በፊት የተጣላ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ ወደ አዲስ ዓመት መሻገር ነውር ነው። ዛሬ አንዳንዱ ወጣት ይህን ዕርቅ የተጨባበጡ እጆችን ሥዕል በስልክ በመላክ ሊጨርሰው ይሞክራል። ሥዕሉን ያሳዩት አባት፣ «ይህ የማን እጅ ነው?» ብለው መጠየቃቸው እንደ ሞኝነት አይቈጠርባቸው።

ይሁን እንጂ ሽማግሌዎቹ መሣሪያውን ይጠሉታል ማለት ከእውነት መራቅ ነው። ከወላይታ እጅግ ብዙ ወጣቶች ለሥራ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሐዋሳ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ዐረብ አገሮች ይሄዳሉ። ቀድሞ እንዲህ ያለው ልጅ ወሬው የሚሰማው መንገደኛ ሲገኝ ነበር፤ ደብዳቤ ቢደርስ እንኳ አንባቢ መፈለግ ግድ ነበር። አሁን እናቲቱ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፊቷን ታጥባ በስልኩ ፊት ትቀመጣለች፤ ልጇ ያለበት አገር ሩቅ ነውና ድምፅዋ እንዲደርስ ትጮኻለች። ከስታ እንደ ሆነ፣ ዐይኗ ቀልቶ እንደ ሆነ በዐይኗ አይታ ታረጋግጣለች። «ይህን የሠራ ሰው ይባረክ» ብላ የምትመርቀው፣ ትናንት ልጆቿን «ይህ ዕቃ አደነዘዛችሁ» ብላ የተቈጣችው እናት ራስዋ ናት። በምርቃቷም በቍጣዋም አልተሳሳተችም።

በወላይታ ደግሞ ብዙ ወጣቶች ልብ ያላሉት አንድ ልዩ ነገር አለ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ለማስተማሪያነት በመጀመሪያ ከተመረጡት 5 ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር፤ የቀሩት አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማሊኛ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ወላይትኛ የሚጻፈው በግእዝ ፊደል ነው። ገበሬው ከእርሻ መልስ፣ እናቲቱም ከጓዳ ሥራ በኋላ ተቀምጠው በገዛ ቋንቋቸው ማንበብ የተማሩት በዚሁ ፊደል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ግን ወላይትኛ በላቲን ፊደል ይጻፍ ጀመር፤ ዛሬም ተማሪዎች የሚማሩት በላቲን ነው። በዚያ ዘመቻ በ30 ዓመቱ ያነበበ ሰው ዛሬ ከ75 ዓመት በላይ ይሆነዋል። የልጅ ልጁ በስልክ ላይ የሚጽፈው ቃል የእናቱ ቋንቋ ነው፤ በሌላ ፊደል ስለ ተጻፈ ግን አያነበውም። ስለዚህ አንድ የሶዶ ሽማግሌ ስልኩን ዘርግቶ «እስቲ አንብብልኝ» ቢላችሁ፣ የለመናችሁ ፊደል ያልቈጠረ ሰው ነው ብላችሁ አትቸኵሉ። እርሱ ተምሯል፤ የተለወጠው ፊደሉ ነው። በጽሑፍ ፈንታ የድምፅ መልእክት የሚወድበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ቀልዱ ሁሉ የሚቆመው የመርዶ ነገር ሲነሣ ነው። በአገራችን ሞት ዝም ብሎ አይነገርም። ለሟቹ ቅርብ የሆነው ሰው ልቡ እስኪዘጋጅ ነገሩ ይደበቃል፤ አስፈላጊ ሲሆንም በመጀመሪያ «ታሟል» ይባላል። መርዶ ነጋሪዎቹ ተመርጠው፣ ጎረቤት ተነግሮት፣ ሐዘንተኛው ራሱን ቢስት የሚደግፈው ሰው ተዘጋጅቶ፣ ብዙውን ጊዜ በማለዳ ወደ ቤቱ ይሄዳሉ። የእድሩ ጥሩምባ የሚነፋውም በሥርዐቱ ነው። ይህ ሁሉ ድካም ሞቱን ለመካድ የሚደረግ አይደለም፤ ሐዘንተኛው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማው ነው። አሁን ግን ልጁ በሩቅ አገር የሞተባት እናት ዘመዶቿ ተሰብስበው ገና ሲመካከሩ፣ አንድ ችኩል ወጣት ፎቶግራፉን ከበራ ሻማ ጋር አድርጎ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይለጥፋል። በሰዓቱ ውስጥ መቶ ሰው ያየዋል፤ ታናሽ እኅቱም በትምህርት ቤት በር ላይ ታየዋለች፤ እየጮኸች ወደ ቤት ትሮጣለች። እናቲቱ የምትሰማው እንደዚህ ነው። ወጣቱ ክፉ አላሰበም፤ እንዲያውም ሐዘኑን መግለጹ ነበር። ነገር ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና የለጠፈውን ቢሰርዘው እንኳ የእኅቲቱን ጩኸት አይመልሰውም።

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ ትንሽ ልበል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቈጣጠር የወጣው አዋጅ ቍጥር 1185/2012 ሐሰት የሚያሰራጨውን ሰው ይቀጣል። የዚያ ወጣት ወሬ ግን ሐሰት አልነበረም፤ ሰውየው በእርግጥ ሞቷል። ሕጉ «እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» ብሎ ይጠይቃል። ሽማግሌዎቹ ከዚህ በላይ ይጠይቃሉ፤ ማን ተናገረው፣ ለማን ተናገረው፣ በምን ሰዓት ተናገረው ይላሉ። እኔ እንደማምነው የእነርሱ ጥያቄ ከሕጉ ጥያቄ ይሰፋል።

ይህ ጥንቃቄ የወላይታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአገራችን ሰሜን ምሥራቅ የሚኖሩት አፋሮች ዳጉ የሚሉት ልማድ አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው፣ ከየት እንደ መጡ፣ በመንገዳቸው ምን እንዳዩና ምን እንደ ሰሙ በተራ ይነጋገራሉ። ያዩት ከሰሙት ይለያል፤ የሰሙትም ከማን እንደ ሆነ ይነገራል። ሐሰት ያቀበለ ሰው በሕዝቡ ዘንድ ክብሩን ያጣል። ወሬው በፍጥነት በረሓውን የሚያቋርጠው ከነባለቤቱ ነው። በስልክ የሚተላለፈው ወሬም ፈጣን ነው፤ ባለቤቱ ግን በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው እጅ ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ «ተልኮልኝ ነው» የሚል ብቻ ይቀራል።

አንዳንዶቻችሁ፣ «ሽማግሌ መቼም አዲስ ነገር ይፈራል» ትሉ ይሆናል። ለዚህም በታሪክ ማስረጃ አታጡም። ስልክ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1894 ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ፣ ሰው ሳይታይ ድምፁ የሚሰማበት ዕቃ የሰይጣን ሥራ ነው ተብሎ እንደ ታማ ይነገራል። የዛሬዎቹ ሽማግሌዎች ግን ከልጆቻቸው ጋር በየሳምንቱ ይነጋገሩበታል፤ ካርዱ ሲያልቅ የሚቈጡትም እነርሱ ናቸው። መሣሪያውን ፈርተው ቢሆን ኖሮ ባልገዙት ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ሥርዐታቸውን የሚያፈርሱበት ጊዜ አለ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ልዩ ልዩ ቅጠል በሽታውን ይከላከላሉ የሚል ወሬ ከስልክ ወደ ስልክ ይዛመት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ከበሽታው እንደሚጠብቅ የሚያሳይ ማስረጃ እንደሌለ ቢያስታውቅም፣ ያን የድምፅ መልእክት አምነው ለሌላ ካስተላለፉት መካከል አረጋውያን ብዙ ነበሩ። በገበያ አንድ እንግዳ ሰው ይህንኑ ቢነግራቸው «አንተ ማን ነህ? ማን ነገረህ?» ብለው ባፋጠጡት ነበር። በስልክ ሲመጣ ያመኑት መልእክቱን የላከላቸው የገዛ ልጃቸው ስለ ሆነ ነው። ልጁ የላከው እንጂ የተናገረው እንዳልሆነ አልተረዱም። ልጁም ቢሆን ማን እንደ ተናገረው አያውቅም። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልጉት እናንተ ናችሁ። መልእክቱ ከየት እንደ ተነሣ መመርመር፣ ፎቶግራፉ የዛሬ ይሁን የዐሥር ዓመት ማወቅ እናንተ ትችሉበታላችሁ፤ «ማን ነገረህ?» ብሎ መጠየቅን ደግሞ እነርሱ ያውቁበታል። ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ቤት እየኖሩ አለመገናኘታቸው ያሳዝነኛል።

እንግዲህ አያታችሁ ስልኩን ይዘው ሲጠሯችሁ መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብቡላቸው። የጻፈው ማን እንደ ሆነ፣ መቼ እንደ ጻፈው ጨምራችሁ ንገሯቸው፤ ጸሓፊው ካልታወቀም «ባለቤቱ አይታወቅም» በሏቸው፤ የሚሉትን ታያላችሁ። በማንበብ ላይ ሳላችሁ የምታውቁት ሰው ፎቶግራፍ ከሻማ ጋር ቢመጣባችሁ ግን ድምፃችሁን አታሰሙ። ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱና ወደ ጎረቤት ሂዱ፤ ማን ሊናገር እንደሚገባው የሚያውቁ ትልልቅ ሰዎች እዚያ አሉ።