መጀመሪያ በርሜሉ ይሟሽ

በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ ግቢ ያለው ሰው ለበዓል የሥጋ መጥበሻ በያጅ ቤት ሄዶ ማሠራት ጀምሯል። አንድ በርሜል በጎኑ ይጋደማል፣ ለሁለት ተሰንጥቆ ማጠፊያ ይገባለታል፣ ከጎኑ የእንጨት ማንደጃ ሳጥን ይበየድለታል፣ ከላይ የጭስ ማውጫ ቱቦ ይቆምለታል። ሥጋው ከነበልባሉ ርቆ በጭስና በሙቀት ቀስ እያለ ይበስላል። የልጄ ባልም ባለፈው ሰሞን አንድ አሠርቶ አመጣ። በዚያው ቀን የበግ ወርች ሊጭንበት ሲሰናዳ፣ አጥር የምንጋራቸው እናት አይተው «አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ ይጋገርበታል እንዴ?» አሉት። ከእኔ የነርስ ምክር ይልቅ የገባው የእሳቸው ቃል ነው።

እውነታቸውን ነው። አዲስ የሸክላ ምጣድ ስናሟሽ የተወቀጠ ጎመን ዘር በትነን፣ እሳቱን ከዝግታ ጀምረን፣ በጨርቅ እያሸን እስኪጠቁርና እስኪያብለጨልጭ እንታገሳለን። በስሱ የተቀባ ቅባት ሲግል ጠንካራ ልባስ ይሆናል፤ እንጀራው የማይጣበቀው በዚያ ነው። ብረት ላይም ያው ነው፣ ልባሱ ዝገትን ይከላከላል። ልዩነቱ ሸክላው አፈር መሆኑ ነው። በርሜሉ ግን ወደ ግቢያችን ከመምጣቱ በፊት የት እንደነበረ፣ ምን እንደያዘ አናውቅም።

ስለዚህ ማሟሸቱ የሚጀምረው በያጁ ዘንድ ነው። በርሜሉ ምን ይዞ እንደነበር ጠይቁ። የፀረ ተባይ መድኃኒት፣ ኬሚካል ወይም የቀለም ማቅጠኛ የነበረበትን በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። «እሳት ያነጻዋል» የሚላችሁን አትስሙ፤ እሳት የማያነጻው ብዙ መርዝ አለ። ነዳጅ የነበረበት በርሜል ደግሞ ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረው ትነት በመቁረጫው ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። የበያጁም ሕይወት የሰው ሕይወት ነው። የምግብ ዘይት በርሜል ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ውስጡ በቀጭን ቀለም የተለበጠ ስለሆነ፣ ልባሱ ሜዳ ላይ በኃይለኛ እሳት ተቃጥሎ፣ ከዚያ እስከ ብረቱ ድረስ ተፍቆ መውጣት አለበት። አቅም ከፈቀደ ከሁሉም የሚሻለው ከአዲስ ጥቁር ላሜራ ማሠራት ነው።

ሌላው የሚያሳስበኝ ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው፣ የጣሪያ ቆርቆሮ የሚመስለው፣ የሚያብረቀርቀው። ዚንክ 419 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፣ 907 ላይ ይፈላል። የማንደጃው ሳጥን ልባሱን ለማበላሸት የሚበቃ ሙቀት አለው። የዚንክ ጢስ የሳበ ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ራሱን ያመዋል፤ ጉንፋን ወይም ወባ ነው ብሎ ይተኛል። ብዙውን ጊዜ በአንድ በሁለት ቀን ይለቃል። በያጆች ያውቁታል፣ ወተት ያሽረዋል የሚሉም አሉ። የሚያሽረው ግን ጢሱን አለመሳብ ነው። ማንደጃው፣ ክዳኑና የሥጋው ፍርግርግ ከዚህ ብረት እንዳይሠራ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በያጁ ለደግነቱ ብሎ ውስጡን ጭምር አንቲረስት እንዳይቀባላችሁም ንገሩት። ቀለሙ በውጭ ብቻ ይቅር።

ቤት ሲደርስ ውስጡን በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡት፣ የብየዳውን ፍርፋሪ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ። ከዚያ የምግብ ዘይት በጨርቅ በጣም በስሱ ቀቡት። ከወፈረ ይንጠባጠባል፣ ይጣበቃል። የተልባ ዘይት ጥሩ ልባስ ይሠራል፤ ሆኖም በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ማንም ሳይለኩሰው ራሱ ሊነድ እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም። ጨርቁን ውኃ ውስጥ ንከሩት ወይም ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት። ልጆች የሚተኙበት ቤት ጥግ አይጣል።

የመጀመሪያው እሳት ለሥጋ አይደለም። ባዶውን ይንደድ። በትንሽ እሳት ጀምሩ፣ ወደ 120 ዲግሪ አካባቢ አንድ ሰዓት ያህል ያዙት፣ ቀጥሎ ወደ 200 ከፍ አድርጋችሁ ሌላ ሰዓት ወይም ሁለት አቆዩት። የዳቦ ምድጃ ቴርሞሜትር ፍርግርጉ ላይ ብታስቀምጡ ግምት አያሻችሁም። የቀለምና የማሽን ዘይት ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ አልተሟሸም ማለት ነው። ሽታው በማግስቱም ካለ ይደገም። እሳቱ ሲበርድ ገና ሞቅ እንዳለ አንድ ጊዜ ዘይት ደግማችሁ አሹት።

እንጨቱስ? እኛ ዘንድ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን ከውጭ ገብቶ ይኸው አካባቢውን ሁሉ ወርሶታል። ደርቆ፣ ከቅርፊቱና ከቅጠሉ ተለይቶ፣ ለማሟሸት ይበቃል። ለምግብ ጭስ ግን ሽታው ኃይለኛ ነው፣ ጥድም ሙጫውና ጥቀርሻው ያስቸግራል። እናቶቻችን የጠላውን ጋንና የወተቱን ዕቃ በወይራ ያጥኑ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለት ሦስት ፍልጥ ወይራ ለአንድ በዓል ይበቃል። አሮጌ የመብራት ምሰሶ፣ ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ቺፑድ ወደ እሳቱ እንዳይገባ። ምሰሶ እንዳይበሰብስ የሚነከርበት መድኃኒት ውስጥ አርሴኒክ ሊኖር ይችላል። ጭሱ ስስና ሰማያዊ ሲሆን ሥጋው ይግባ፤ ነጭና ወፍራም ጭስ ምግብ ያመራል፣ ደረትም ያፍናል።

አያቶች ሆይ፣ ይህኛው የእናንተ ድርሻ ነው። ነበልባሉን ልጅ ይፈራዋል፣ ነበልባሉ የጠፋ ብረት ግን ምንም አይመስለውም። መራመድ የጀመረ ሕፃን ለመደገፍ መዳፉን ለጥፎ ይይዘዋል፣ እንደ ትልቅ ሰው ቶሎ አይለቅም፣ ቆዳውም ስስ ነው። በርሜሉ ዙሪያ በአመድ መስመር አስምሩና ልጆች የማያልፉት ድንበር አድርጉት፤ እሳቱ ከጠፋም በኋላ ለሰዓታት አንድ ትልቅ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ።

ልጅ ከተቃጠለ ወዲያው ቀዝቃዛ የሚወርድ ውኃ ሥር 20 ደቂቃ ያዙለት። በረዶ አይሁን። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ሊጥ አትቀቡ። ሙቀቱን ያፍኑታል፣ ቁስሉንም ያበክላሉ። ውኃ የያዘውን አታፍርጡ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ውሰዱት። መዳፍ፣ ፊት፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ከሆነ ቁስሉ ቢያንስም ሐኪም ይየው። መዳፍ በአግባቡ ካልታከመ ጣት ተጨማድዶ ይቀራል። ለከባዱ አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው።

የሱሉልታ ሌሊት ይበርዳል። እንግዳው ሲሄድ በርሜሉ ውስጥ የቀረው ፍም ያጓጓል፣ «ለልጆቹ ክፍል እናሙቀው» የሚል አይጠፋም። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደማችን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይጀምራል፣ ቀጥሎ እንቅልፍ፣ ከዚያ የሚቀሰቅስ የለም። ጭስ የሌለው ፍም ጉዳት የለውም የሚባለው ስሕተት ነው። ፍሙ ግቢ ውስጥ፣ በርሜሉ ውስጥ፣ የአየር ማስገቢያው ተዘግቶ ይሙት። ለቅዝቃዜው ተጨማሪ ብርድ ልብስ አለ።

አመዱ በማግስቱ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ይጠረግ፣ እርጥበት ይዞ ላሜራውን ይበላዋልና። በርሜሉ ክረምቱን በላስቲክ ተሸፍኖ ይክረም፤ መስከረም ላይ ዝገት ካያችሁ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጋችሁ፣ በስሱ ቀብታችሁ፣ እንደገና ባዶውን አንድዱት።