የጽድቅን ልብስ ስለ ለበሰ ሽንገላ



የዐቢይ ጾምን እኩሌታ ፈጽመን ወደ ደብረ ዘይት ሰንበት ደርሰናል። በዚህች ሰንበት በቤተ ክርስቲያናችን የሚነበበው ወንጌል የማቴዎስ 24ኛው ምዕራፍ ነው። ደቀ መዛሙርቱ በደብረ ዘይት ተራራ ወደ ጌታችን ቀርበው ስለ ዓለም ፍጻሜ ምልክት በጠየቁት ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የነገራቸው ስለ ጦርነት ወይም ስለ ረኃብ አልነበረም፤ ማንም እንዳያስታቸው ይጠነቀቁ ዘንድ ነበር እንጂ። የጦርነቱና የረኃቡ ነገር ከዚያ በኋላ ተከትሎ መጣ። እንደሚመስለኝ ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰይፍ በሌላ ሰው እጅ ይመታናል፤ ስሕተት ግን በራሳችን እጅ ይመታናል።

ስለ ፈተና በምንናገርበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ስካርን፣ ዝሙትን፣ ስርቆትንና ይህን የመሰለውን ሁሉ እናነሣለን። እነዚህ በእውነት ፈተናዎች ናቸው፤ ነገር ግን መልካቸውን ገልጠው የሚመጡ ስለ ሆኑ ሕፃን እንኳ ያውቃቸዋል። ዛሬ ልናገርለት የወደድሁት ግን መስቀል ጨብጦ፣ ቆብ ደፍቶ፣ ከመጽሐፍ እየጠቀሰ የሚመጣውን ፈተና ነው። ይህ ፈተና «እምነትህን ተው» አይልም፤ «እምነትህ አንሷልና ጨምር» ይላል። ስለዚህም ጸሎተኛውን ቤት ከሌላው ይልቅ ያጠምደዋል። ይህንንም የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም። በጎረቤቴ ቤት የደረሰውን በዐይኔ አይቻለሁ፤ በዚያም ነገር እኔ ራሴ በደለኛ ሆኜ ተገኝቻለሁ።

ያደግሁት በፓዌ ነው። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ዘመን መንግሥት ከወሎና ከሌሎችም አገሮች ብዙ ሺህ ሕዝብ ወደ በለስ ሸለቆ ባመጣ ጊዜ፣ ወላጆቼ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ይዘውኝ ሰፈሩ። መንደሮቹ በቁጥር ተጠሩ፤ እስከ ዛሬም አንዱ ሰው ቀዬውን ሲጠየቅ ቁጥሩን ይናገራል። ከእኛ አስቀድሞ በአገሩ የኖረው የጉሙዝ ሕዝብ የቆላውን ጠባይ ያውቅ ነበር፤ የእኛ ወላጆች ግን ደገኞች ነበሩና የቀድሞ ሰዎች ንዳድ የሚሉትን የወባን በሽታ አልለመዱትም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ሰው ቀበርን። ያን ጊዜ «ምድሪቱ ተረግማለች» የሚል ነበረ፤ «የቆላ መንፈስ ነው» የሚልም ነበረ። በኋላ በጣና በለስ ፕሮጀክት ዘመን በኢጣልያ ርዳታ ሆስፒታል ተሠራ፤ የሞተውም ሁሉ በርግማን ሳይሆን በትንኝ ንክሻ በሚተላለፍ በሽታ እንደ ሞተ ሕዝቡ ቀስ በቀስ ተረዳ። ነገር ግን አሮጌው ፍርሃት ፈጽሞ አልጠፋም፤ በሰው ልብ ጥግ ተኝቶ የሚቀሰቅሰውን ይጠብቅ ነበር።

ካቻምና በጥቅምት፣ ወባ በሚበረታበት ወራት፣ አንድ እንግዳ ሰው ወደ መንደራችን መጣ። ቢጫ ቀሚስ ለብሶ፣ በወገቡ ሰንሰለት ታጥቆ፣ መቋሚያ ይዞ ነበር። ከየትኛው ገዳም እንደ መጣ የሚገልጽ ደብዳቤ አልያዘም፤ ወደ ሰበካ ጉባኤውም አልቀረበም። ማታ ማታ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ሕልም ይፈታ፣ የሚመጣውንም ይናገር ጀመር። አነጋገሩ ለስላሳ፣ ዳዊቱም በቃሉ ነበረና ብዙ ሰው ወደደው።

በጎረቤቴ በአንዲት ባልቴት ቤት የሰባት ዓመት ልጅ ታምሞ ነበር። ወደ ጤና ኬላ ወስዳው ደሙ ተመርምሮ ወባ መሆኑ ታውቋል፤ ለ3 ቀን የሚዋጥ ኪኒንም ተሰጥቷታል። ልጁ የመጀመሪያውን ብቻ እንደ ወሰደ ያ ሰው ገባና «ይህ የዓይነ ጥላ ነገር ነው እንጂ የሐኪም አይደለም። ኪኒንና ጸበል ብትቀላቅዪ ጸጋው ይርቃል። እምነት ካለሽ ኪኒኑን ተዪ፤ ሰባት ቀን እኔ በማመጣልሽ ጸበል ብቻ ይጠመቅ፤ ለማንም አትናገሪ» አላት። ከአኵሪ አተር ሽያጭ ያስቀመጠችውንም ገንዘብ «ለገዳም መብራት» ብሎ ተቀበላት።

በማግሥቱ ልጁን ልጠይቅ ገባሁ። ኪኒኑ ከነመጠቅለያው በመደቡ ላይ ተቀምጦ አየሁ።

«እኅቴ፣ ይህን ለምን አልሰጠሽውም?» አልኋት።

«መምህር፣ አባ ከልክለውኛል። እምነቴ ጎድሎ ልጄን እንዳላጣ ፈራሁ» አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ያን ጊዜ ምን መናገር እንደሚገባኝ አውቅ ነበር። በዲቁና አድጌአለሁ፤ በዘመናዊው ትምህርት ቤትም ስለ ወባ ለልጆች አስተምራለሁ። ነገር ግን «የዘመኑ ትምህርት እምነቱን አቀዘቀዘው» እንዳይሉኝ ፈራሁና «እግዚአብሔር ይማርልሽ» ብዬ ወጣሁ። ጥቅሱ በቃሌ ነበረ፤ ድፍረቱ ግን በልቤ አልነበረም።

በሦስተኛው ሌሊት ጩኸት ሰምተን ተነሣን። ልጁ ይንዘፈዘፍ ነበር፤ ሲጠሩትም አይሰማም። በጎረቤት ባጃጅ ወደ ሆስፒታል አደረስነው። ሁለት ቀን ራሱን ሳያውቅ ሰነበተ። በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞቹ ድካም ተረፈ። ዛሬ በክፍሌ ውስጥ በፊተኛው ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ በቀኝ ጆሮው አጥርቶ አይሰማምና። ያ ሰው ግን ልጁ ሆስፒታል ሳለ ከመንደሩ ወጥቶ ሄደ፤ ወዴት እንደ ሄደም ያወቀ የለም።

እንግዲህ ይህን ነገር በቅዱስ መጽሐፍ ፊት አቁመን እንመርምረው። ጌታችን ዐርባ ቀን ጾሞ በተራበ ጊዜ ፈታኙ በመጀመሪያ በእንጀራ መጣበት፤ ድል በተነሣም ጊዜ ልብሱን ለውጦ በመቅደስ ጫፍ ላይ መጽሐፍ ጠቀሰ። የጠቀሰውም በእኛ ዳዊት 90ኛው መዝሙር ላይ ስለ መላእክት ጥበቃ የተነገረውን ነው። ነገር ግን አስተውሉ፤ መዝሙሩ መላእክት ሰውን በመንገዱ ሁሉ እንደሚጠብቁት ሲናገር፣ ፈታኙ መንገድ የሚለውን ቈርጦ አስቀረው። የሰው መንገድ ደረጃ ነው እንጂ ከጣሪያ መወርወር አይደለምና። ጌታችንም ሰው አምላኩን እንዳይፈታተን የሚከለክለውን የኦሪት ዘዳግምን ቃል አንሥቶ ዝም አሰኘው። ቈርጦ የመጣውን ቃል በሙሉው ቃል መለሰው።

በእጁ ያለውን መድኃኒት ትቶ «እግዚአብሔር ካለ ያድነኛል» የሚል ሰውም ከመቅደስ ጫፍ እንደሚወረወር ሰው ነው። ነገሩ እምነት ይመስላል፤ በእውነት ግን አምላክን መፈታተን ነው። ልጁን የሚወረውር ሲሆን ደግሞ ይልቁን ይከፋል፤ ልጁ አልተጠየቀምና።

ስለ ሐኪም ቅዱስ መጽሐፍ ምን ይላል? መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን፣ መድኃኒትንም ከምድር እንዳወጣ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። በሕመም ጊዜ አስቀድሞ መጸለይን፣ ቀጥሎም ለሐኪሙ ስፍራ መስጠትን ያዝዛል፤ አንዱን አድርገህ ሌላውን ተው አይልም። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ አልቅሶ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም ሰማው፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ከዚያ በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። ጸሎቱ ተሰምቶ ሳለ በለሱ አልቀረም። ወንጌልን የጻፈልን ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም እንደ ነበረ ቅዱስ ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ይመሰክራል።

በእኛ ዘመንም ቤተ ክርስቲያን በዚሁ መንገድ አስተምራለች። በእንጦጦ ጸበል ተሰብስበው ከነበሩት የኤች አይ ቪ ሕሙማን መካከል መድኃኒታቸውን የተዉ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. በፓትርያርክነት የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን፣ ምእመናንም ሁለቱን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በግልጽ አስታወቁ። እንግዲህ ጸበልን በመድኃኒት ላይ የሚያስነሣ ሰው ከማን ተልኮ እንደ መጣ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «የእግዚአብሔርን ሰው እንዴት እጠይቃለሁ? ነውር አይሆንብኝምን?» ይል ይሆናል። መልሱን በአንደኛ ነገሥት 13ኛው ምዕራፍ እናገኛለን። ከይሁዳ ወደ ቤቴል የተላከው የእግዚአብሔር ሰው በዚያ ስፍራ እህል እንዳይበላ፣ ውኃም እንዳይጠጣ ታዝዞ ነበር። ንጉሡ ስጦታ ሊሰጠው ቢለምነው እንቢ አለ። አንድ ሽማግሌ ነቢይ ግን ተከትሎት «እኔም እንዳንተ ነቢይ ነኝ፤ መልአክ ተናግሮኛል» ብሎ በዋሸው ጊዜ ታለለ፤ በላ፤ ጠጣም። ሲመለስም አንበሳ በመንገድ አግኝቶ ገደለው። የንጉሥን ስጦታ ያሸነፈ ሰው በነቢይ ልብስ ተሸነፈ። አባቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያሉት ለገበያ ብቻ አይደለም።

እንዲህ ስል በበረሃ ወድቀው፣ በጾምና በጸሎት ተወስነው ስለ እኛ የሚማልዱትን እውነተኞች አባቶች ማቃለሌ አይደለም። እንዲያውም የእነርሱ ክብር እንዲጠበቅ አስመሳዩ መለየት አለበት። ስለዚህ በየቤታችን ሦስት ጥያቄዎች ይኑሩን።

አንደኛ፣ ይህ ትምህርት ከሙሉው መጽሐፍ ጋር ይስማማልን? የቤርያ ሰዎች ቅዱስ ጳውሎስን እንኳ ሰምተው ነገሩ እንዲህ እንደ ሆነ ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር፤ ስለዚህም ተመሰገኑ እንጂ አልተነቀፉም።

ሁለተኛ፣ ይህ ሰው ብርሃንን ይወዳልን? እውነተኛ አባት «ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ከሽማግሌ ጋር ተማከሪ» ይላል። «ለማንም አትናገሪ» የሚል ቃል ስትሰሙ ግን ቆም በሉ፤ ክፉ የሚያደርግ ወደ ብርሃን መምጣትን እንደሚጠላ ጌታችን አስተምሮናልና።

ሦስተኛ፣ በዚህ ነገር የሚጠቀመው ማን ነው? ኤልሳዕ ንዕማንን ከለምጽ አንጽቶ የሰጠውን ብርና ልብስ አልተቀበለም፤ በሐሰት ተከትሎ የተቀበለው ግያዝ ነው።

ይህም ነገር በቃል ብቻ እንዳይቀር ለቤት እመቤቶችና ለአባ ወራዎች አንድ ነገር ልጨምር። ወባ ቀላል ጠላት አይደለም። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. በአገራችን በተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ታምመው 150 ሺህ ያህል እንደ ሞቱ ተገምቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ ደግሞ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን እንደ ተመዘገቡ የዓለም ጤና ድርጅት ገልጧል። ስለዚህ በቆላ አገር የልጅ ገላ ሲተኵስ ሌሊቱን በተስፋ ብቻ አታሳልፉ፤ አንድ ቀን ሳይሞላ ደሙን አስመርምሩ። የተሰጠውንም የ3 ቀን መድኃኒት ትኵሳቱ ቢበርድም እስከ መጨረሻው ስጡት። በተለምዶ የሚሰጠው መድኃኒት ከምግብ ጋር፣ ይልቁንም ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ሲወሰድ በደኅና ይሠራል። «ጾም ነውና ወተት አልሰጥም» የምትል እናት ብትኖር፣ ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትንና ሕሙማንን በጾም እንደማታስጨንቅ የንስሐ አባቷን ትጠይቅ። ጸበሉንም አጠምቁት፤ ጸልዩለትም፤ ማታም በአጎበር ውስጥ አስተኙት። በዚህ ሁሉ የሚሠራው አንዱ እግዚአብሔር ነው።

እኔም ለራሴ የያዝሁት ትምህርት አለኝ። ያቺ እናት የተታለለችው ልጇን ስለ ወደደች፣ አምላኳንም ስለ ፈራች ነው፤ በደሏ ጥቂት ነው። የእኔ ዝምታ ግን በሰው ፊት ስሜን ከመውደድ የመጣ ነበር። ፈታኙ በአንድ ቤት ሁለት ሰዎችን ጣለ፤ እርሷን በተጣመመ ቃል፣ እኔን በተዘጋ አፍ። በኋላ ሄጄ ይቅርታ ስጠይቃት «መምህር፣ ያን ቀን አንዲት ቃል ቢናገሩኝ ኖሮ እሰማዎት ነበር» አለችኝ። ልጁ በክፍል ውስጥ ግራ ጆሮውን ወደ እኔ ባዘነበለ ቍጥር ያችን ቃል እሰማታለሁ። እንግዲህ የተማራችሁ ሁሉ፣ የምታውቁትን እውነት በጎረቤታችሁ ቤት በጊዜው ተናገሩ።

በቆሮንቶስ ገዳም ፈታኙን ድል የነሣልን ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ከሽንገላ ሁሉ ቤታችንን ይጠብቅልን፤ የሚያስተውል ልብ፣ የማይፈራም አንደበት ያድለን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።