ስለ ክረምት የሥራ ልምምድ ተማሪዎች



እኔ በደብረ ታቦር ከተማ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነኝ። የምጽፈው ስለ ራሴ ሳይሆን ከጥቂት ዓመታት በፊት አስተምሬያት ዛሬ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ሳይንስ ስለምትማር ልጅና ባለፈው ክረምት ስለ ደረሰባት ነገር ነው። ነገሩን በተለይ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚሠሩ አንባቢያን ማሰማት የፈለግሁበት ምክንያት ወደ ኋላ ይገለጻል።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የቴክኖሎጂ ትምህርት የሚማሩ ልጆች ከመመረቃቸው በፊት ወደ አንድ ድርጅት ወይም መሥሪያ ቤት ሄደው ሥራ እንዲለማመዱ ይደረጋል። እነርሱ ኢንተርንሺፕ ይሉታል። ይህችም ልጅ ሦስተኛ ዓመቷን እንደ ፈጸመች የትብብር ደብዳቤ ተሰጣትና ቦታውን ራስሽ ፈልጊ ተባለች። አስቀድማ በከተማችን ሦስት መሥሪያ ቤቶችን ጠየቀች። በአንደኛው ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች፤ በሁለተኛው ነገ ነይ እየተባለች አንድ ሳምንት ተመላለሰች። ሦስተኛው ወዲያው ተቀብሎ ማኅተም አደረገላትና «ለፊርማ ብቻ ብቅ ማለት ይበቃሻል» አላት። እንዲህ ያለውን ቃል እንደ ደግነት የሚቆጥሩ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። እርሷ ግን ደብዳቤዋን መልሳ ተቀበለችና አንድ ታላቅ ተማሪ ባፈላለገላት መሠረት አዲስ አበባ ወደሚገኝ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ለመሄድ ቆረጠች።

እዚህ ላይ ስለ ክረምት ጥቂት ልናገር። ከተማ ለተቀመጠ ሰው ክረምት የዕረፍት ወራት ነው፤ ለፋርጣ ገበሬ ግን ሐምሌና ነሐሴ የአረም ወራት ነው። አንዲት ልጅ ከቤት ወጣች ማለት ሁለት እጅ ከእርሻው ጎደለ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ከ600 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ የመሳፈሪያ፣ የሁለት ወር የቤት ኪራይና የየቀኑ ታክሲ አለ። አባቷ ሁለት በግ ሸጡ። ከመሸጣቸው በፊት ግን ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው «መምህር፣ ደመወዝ የሌለው ሥራ እንዴት ያለ ሥራ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም «ትማርበታለች፣ ጋሼ» አልኋቸው። «እንግዲያውስ እስከ ዛሬ ትምህርት ቤት ምን ስታደርግ ኖራለች?» አሉኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ አላገኘሁለትም።

በኩባንያው ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ያሳለፈችው ከበሩ አጠገብ በተቀመጠ ወንበር ላይ ነው። የመግቢያ ቃል የሚሰጣት ሰው ስላልተገኘ ኮምፒዩተሩን መክፈት አልቻለችም። ወረቀት ታባዛለች፣ ሻይ ታዝዛለች፣ እንግዳ ሲመጣ ወንበሯን ትለቃለች። ማንም ክፉ አልተናገራትም፤ ሁሉም በሥራቸው ተጠምደው ነበር። ይህን ስትነግረኝ ሰዎቹን እንዳልወቅስባት ትፈራ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት አንዲት ወጣት መሐንዲስ ከፈቃድ ተመልሳ መጣችና «አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ምንም እንደማትሠራ በሰማች ጊዜ አንድ ሥራ ሰጠቻት። ሥራው ሲያዩት ትንሽ ነው። ኩባንያው ብዙ ሺህ የደንበኞች ስም በአማርኛ የተመዘገበበት ፋይል ነበረው፤ ነገር ግን ደንበኛ መጥቶ ስሙ ሲፈለግ አይገኝም፤ እንደ ገና ይመዘገባል፤ አንዱ ሰው ሁለትና ሦስት ሰው ይሆናል።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ይህን በሽታ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። በደመወዝ መዝገቡ «ሀይሉ»፣ በባንኩ «ኃይሉ»፣ በጡረታ መታወቂያው «ሐይሉ» ተብሎ የተጻፈ ሰው አንድ ሰው መሆኑን ለማስረዳት ስንት ቀን እንደሚመላለስ ያየ ሁሉ ያውቃል። ሀ፣ ሐና ኀ ለጆሮአችን አንድ ናቸው፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ያለው የተለየ ፊደል ነው፤ የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1999 የገባው እያንዳንዱ የየራሱን ቁጥር ይዞ ነውና። ልጅቷ በወረቀት ቆጥራ እንዳሳየችኝ «ኃይለ ሥላሴ» የሚለው አንድ ስም ድምፁ ሳይለወጥ በ24 ዓይነት አጻጻፍ ሊጻፍ ይችላል፤ ሁለቱን ቃላት ማጣበቅና መለያየት ሲጨመርበት 48 ይሆናል። የሒሳብ መምህር ነኝና እኔም ቆጥሬ ልክ ሆኖ አገኘሁት።

አንድ የኩባንያው ሠራተኛ ስሙን ሁሉ ወደ አንድ ዓይነት ፊደል እንለውጠውና እንገላገል ብሎ ነበር። እርሷ ግን አልተስማማችም። አያቷ በድጓ ያደጉ ደብተራ ነበሩና፣ ሥላሴ በንጉሡ ሠ፣ ኃይል በብዙኃኑ ኀ እንደሚጻፍ ከሕፃንነቷ ሰምታለች። ስለዚህ ስሙ ባለቤቱ እንደ ጻፈው እንዲቀመጥ፣ ፍለጋው ብቻ ተመሳሳዮቹን ፊደላት እንደ አንድ እንዲቆጥር አድርጋ ፕሮግራሙን ጻፈችው። ሁለት ጊዜ ተበላሸባት። መሐንዲሷ ስሕተቱን ፈልጋ አላረመችላትም፤ አጠገቧ ተቀምጣ «ራስሽ ፈልጊው» አለቻት። ቡሄን በአገሯ ሳታከብር፣ ነሐሴ 13 ቀን ሆያ ሆዬ ሲጨፈር እርሷ አዲስ አበባ ላይ ከአንድ ስሕተት ጋር ስትታገል ዋለች፤ በማግስቱም ፕሮግራሙ ሠራ።

ይህን ስትነግረኝ ትዝ ያለኝ ጋፋት ነው። ጋፋት ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከባዝልና ከቅድስት ክሪሾና የመጡትን የሚስዮን ባለሙያዎች፣ እነ ዋልድማየርን፣ እነ ዛልሙለርን በዚያ አስቀምጠው መድፍ እንዲሠሩ አዘዙ፤ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖልም በ1859 ዓ.ም. በዚያ ተሠራ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መድፉ ነው፤ ምስሉም አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ለእኔ ግን የሚበልጥብኝ ሌላ ነገር ነው። እነዚያ ፈረንጆች መድፍ የማቅለጥ ሙያ ይዘው አልመጡም፤ ሲጀምሩ ከሽፎባቸዋል፤ ንጉሡም ድገሙት አሉ። የአገራችን ወጣቶችም ሙያውን እንዲማሩ ከጎናቸው ተመድበው ነበር። ብረቱ በፊታቸው ሲፈስስ፣ ሲበላሽና እንደ ገና ሲቀልጥ አይተዋል። ከሽንፈቱ አጠገብ ቆሞ የማየት ዕድል ነበራቸው ማለት ነው። የእነርሱን ስም ግን ዛሬ የሚጠራ የለም፤ በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ በመቅደላ ሲወድቁ ያ ሁሉ ሙያ ወራሽ አጥቶ ቀረ። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋሙን ጋፋት ብሎ መሰየሙ ደስ የሚያሰኝ ነው።

እኔም የተማርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ስለ ሆነ ከሰዓት በኋላ መጋዝና መዶሻ ያስይዙን ነበር። የሠራሁት በርጩማ ሦስት ጊዜ ተወላገደብኝ፤ መምህራችን ሦስቱንም ጊዜ አፈረሰብኝ። በልቤ ረግሜው ነበር። አራተኛው እስከ ዛሬ በእናቴ ቤት አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመለሳለሁ። ልምምዱ ሲያበቃ ኃላፊው የውጤት ቅጹን ከ100 ዘጠና አምስት ሞልቶ ፈረመላት። ምን እንደ ሠራች አልጠየቃትም። ከእርሷ ጋር ለዚያው ኩባንያ የተመደበና በሁለት ወር ውስጥ አምስት ቀን ብቻ ብቅ ያለ ተማሪም ዘጠና አምስት አገኘ። የጻፈችው ፕሮግራም ዛሬ ይሠራበት እንደ ሆነ ወይም ከፋይሉ ተሰርዞ እንደ ሆነ የነገራት የለም። «ቲቸር፣ ውጤቱ ባይሰጠኝ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ ሥራ ደኅና በሮች መከፈታቸውን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2013 የተቋቋመው አይኮግ ላብስ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ወጣቶችን ያለማምዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የተመሠረተው ኤቱኤስቪም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በነፃ አሠልጥኖ ጉግልን በመሰሉ ኩባንያዎች ለልምምድ የበቁ ልጆችን አፍርቷል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርም በክረምት ተሰጥዎ ያላቸውን ልጆች ያሠለጥናል። እነዚህ ግን ተወዳድሮ ለሚያልፍ ናቸው፤ መወዳደሪያውም ኢንተርኔት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ፣ ይህች ልጅ ቤቷ ስትሆን አስቀድማ በስልኳ ያወረደችውን አንድ መጽሐፍ ደጋግማ ከማንበብ በቀር ሌላ መንገድ አልነበራትም። እኩል ባልሮጡበት ሜዳ ውድድሩ ብቻውን አይዳኝም።

እንግዲህ ለአንባቢያን የማቀርበው ልመና ይህ ነው። ተማሪው የሚመጣው ወደ እናንተ ጠረጴዛ ነው፤ ደብዳቤውን የምትመሩት፣ ቅጹንም የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። ኮምፒዩተር የሌለው መሥሪያ ቤት ዛሬ ጥቂት ነው፤ ስሙ የተሳሳተ መዝገብ የሌለው ግን ከቶ ያለ አይመስለኝም። ፋይዳ መታወቂያ በየቦታው በሚጠየቅበት በአሁኑ ጊዜ አንድ የፊደል ስሕተት ባለጉዳይን ስንት ደጅ እንደሚያስጠና ታውቃላችሁ። ለአንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከዚህ የሚሻል ምን ሥራ ይገኛል? አንድ ኃላፊነት የሚወስድ ሠራተኛ ይሰየምለት፤ የመግቢያ ቃሉ በመጀመሪያው ቀን ይሰጠው፤ ካልሠራም ዘጠና አምስት አይሰጠው። የታክሲውንም ነገር ማሰብ ምጽዋት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሙያ ልምምድ ውል ሲናገር የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ የሚከፈለውም ክፍያ በውሉ እንዲገለጽ ያዝዛል። ይህ ድንጋጌ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ይደርሳል አይደርስም የሚለውን የሕግ ባለሙያ ይፍታው፤ መንፈሱ ግን ግልጽ ነው።

የጽሕፈት ሥራ እንኳ ሞልቶን እንዴት ልጅ እናስተምራለን የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት አለው። ነገር ግን ያቺ መሐንዲስ የሰጠችው ጊዜ በቀን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም ነበር።

ልጅቷ የምረቃ ጽሑፏን ልታዘጋጅ በዚያው በስሞች ጉዳይ ላይ ለመሥራት አስባ በደብረ ታቦር ወይም በደቡብ ጎንደር ወረዳዎች መዝገቡን የሚያሳያት መሥሪያ ቤት ትፈልጋለች። አባቷ ዘንድሮ የሚሸጡት በግ የላቸውም። ፈቃደኛ የሆነ ኃላፊ በዚህ ጋዜጣ በኩል ቢያስታውቀኝ የትብብር ደብዳቤውን እኔ ራሴ ይዤ እመጣለሁ።

አንድ መምህር
ከደብረ ታቦር